የዛፍ መውጫው ወንበር

በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በሰው አገር፣ ኢገን በምትባል ከተማ ከወገቡ በታች የማይንቀሳቀስ አንድ ሰው እንከባከብ ነበር። የላከኝ ኤጀንሲ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሚስቱ ወደ ቢሮዋ ስትወጣ እኔ እገባለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትመለስ እኔ እወጣለሁ። አጥበዋለሁ፣ የሽንት ከረጢቱን እደፋለሁ፣ ጀርባው እንዳይቆስል አገላብጠዋለሁ፣ ከአልጋ ወደ ዊልቸር አወርደዋለሁ፣ ምሳውን እሰጠዋለሁ። የቀረውን ሰዓት ተቀምጠን ነበር የምናሳልፈው።

ስድሳ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ዕድሜውን ሙሉ የማተሚያ ማሽን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ እጆቹ አሁንም የሠራተኛ እጆች ነበሩ። ወሬ አያበዛም። በአማርኛ ቢሆን አንቱ እለው ነበር፤ እንግሊዝኛው አንተና አንቱን ስለማይለይ በሐሳቤም አንተ ሆኖ ቀረ።

የወደቀው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በመከር፣ አጋዘን በቀስት ሊያድን ወደ ሰሜን ሄዶ ነው። አዳኞቹ ዛፍ ላይ ወጥተው የሚቀመጡበት ከአሉሚኒየም የተሠራ ወንበር አላቸው። እሱ ከዚያ ላይ ወደቀ። ለሐኪሞቹም፣ ለሚስቱም፣ ለእኔም የተናገረው አንድ ነው፦ ብረቱ ከዳኝ። ከዚያ በላይ ማንም አልጠየቀውም።

እኔ ያን ጊዜ የምኖረው ፊሊፕስ በሚባል ሰፈር፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር ነበር። በአሥር ዓመት ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። ከኬንያ ካምፕ ያስመጣችኝ፣ ቤቷ ያስቀመጠችኝ፣ መኪና መንዳት ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሰመር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ እሷ ሥራ ሄዳ ሳለ የመኪናዬን የኢንሹራንስ ወረቀት ፍለጋ መሳቢያዋን ከፈትኩ። ከወረቀቶቹ ሥር አንድ ፖስታ ነበር፤ የፎቶ ጫፍ ወጣ ብሎ ይታያል። ሳብ አደረግሁት። እናቴ ናት። ጸጉሯን ተላጭታ፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ፣ በሁለት ጎረቤቶቿ መካከል ተቀምጣለች። ገልብጬ አየሁት። በእህቴ እጅ ጽሑፍ «የአርባው ለት» ይላል። ሌላ ነገር አልተጻፈም፤ አያስፈልግምም ነበር። አባቴ ኩላሊቱን ይታመም ነበር።

ፎቶውን እንደነበረ መለስኩት። የኢንሹራንሱንም ወረቀት አገኘሁት። ከዚያ ወጥ አሙቄ በላሁ።

አባቴ በየሁለት ወሩ ይጽፍልኝ ነበር፤ ሁልጊዜ አንድ ገጽ፣ ሁልጊዜ በሰማያዊ እስክሪብቶ። የመጨረሻው ደብዳቤ የመጣው ክረምት ላይ በረዶ ሳለ ነው። ከዚያ ወዲህ አለመምጣቱን ልብ አላልኩም። ይህን ያሰብኩት ሳህኑን ሳጥብ ነው። አስቤም ሳህኑን አጥቤ ጨረስኩ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በትልቅ ሰው አፍ ነው። እትዬ ቀን እየጠበቀች እንደሆነ ገባኝ። በኋላ እንደነገረችኝ፣ የነርስ ረዳትነት ፈተናዬን እስክጨርስ ብለው ነው ያቆዩት። ስለዚህ እኔም መጠበቅ ጀመርኩ። ሳይነገረኝ ባለቅስ የሰው መሳቢያ መክፈቴ ይወጣል፣ እሷም ታፍራለች እያልኩ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ። እውነቱ ግን ለቅሶው አልመጣም። ጠዋት እነሳለሁ፣ ኢገን ድረስ እነዳለሁ፣ ሰውየውን አጥባለሁ፣ እመለሳለሁ። እትዬ ከሥራ ስትገባ ፊቴን ታየኛለች፤ እኔም ፊቷን አያለሁ። ስለ አገር ወሬ ሲነሳ ሁለታችንም ቶሎ ወደ ሌላ ነገር እንሄዳለን።

ሴፕቴምበር ገብቶ የአደን ወራት ሲከፈት ሰውየው አንድ ነገር ጠየቀኝ። ጋራዡ ጥግ ላይ በአሮጌ አንሶላ የተሸፈነ ነገር አለ፣ አምጪልኝ አለ። አመጣሁት። ሁለት የአሉሚኒየም ፍሬሞች ናቸው፤ አንዱ መቀመጫ፣ አንዱ የእግር መቆሚያ። በመጋጠሚያው ላይ የደረቀ የዛፍ ልጥ ተጣብቆበታል። ከጉልበቱ ላይ አድርጌለት በእጁ እየነካካ ብዙ ቆየ። ከዚያ ጓሮ ያለው ዛፍ ላይ እንድገጥመው ጠየቀኝ።

አልችልም አልኩት። ኤጀንሲው ከተፈቀደልን ሥራ ውጪ እንድንነካ አይፈልግም፤ ብወድቅ ደግሞ ማን ይጠየቃል? አልተከራከረኝም። ለሦስት ቀን ግን የጠየቅሁትን ከመመለስ በቀር ምንም አልተናገረም። በአራተኛው ቀን እኔ ራሴ ፍሬሞቹን ተሸክሜ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ለምን እንደሆነ እስካሁን በደንብ አላውቅም። ያን ጊዜ የሚያስፈራኝ ነገር አልነበረም። ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ፍርሃቱም ከሌላው ስሜት ጋር አብሮ ስለሄደ ነው።

ከቤቱ ጀርባ ዊልቸሩ የሚወርድበት መንገድ አለ፤ በስተመጨረሻው ዛፍ ቆሟል። ቀጥ ያለ ነው፤ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ የሚጀምረው ከቤቱ ጣሪያ በላይ ነው። ለዚህ ሥራ እንዲህ ያለ ዛፍ ነው የሚፈለገው፣ ቅርንጫፍ ካለው ወንበሩን ማሳለፍ አይቻልም አለኝ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ከመሬት አልተነሳሁም። ብሎኖቹ ዝገዋል፤ ዘይት አደረግሁባቸው። ዳዶዎቹን ፈታሁ፣ መልሼ አጠበቅሁ። እያንዳንዱ ፍሬም ዛፉን የሚያቅፍበት ጎማ የለበሰ ቀበቶ አለው፤ ቀበቶው ላይ ተራ ቀዳዳ፣ በቀዳዳው ውስጥ የሚገባ ፒን። ቀበቶውን ዛፉ ላይ አዙሬ ፒኑን አስገባለሁ፣ ሰውየው ያያል፣ አውጪው ይላል፣ አወጣዋለሁ። መቆሚያው መሬት ላይ ሳለ ቀጥ ማለት የለበትም አለኝ። ከዛፉ የራቀው ጫፍ ቀና ማለት አለበት፤ ዛፉ ወደ ላይ እየቀጠነ ሲሄድ ቀበቶው ይሰፋበታል፣ ጫፉም ይወርዳል። እዚህ ቀጥ ካለ እዚያ ላይ እንደ ቁልቁለት ይሆናል። እኔ ግን ዓይኔ ደስ እንዲለው ቀጥ አድርጌ ገጠምኩት። አላረመኝም። በሁለተኛው ሳምንት ስወጣ የሰው ቁመት ያህል ከፍ እንዳልኩ እግሬ ወደ ፊት መንሸራተት ጀመረ። ወረድኩና ፒኑን አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አስገባሁት።

አወጣጡ እንዲህ ነው። የወገብ ቀበቶ አለ፤ ከዛፉ ጋር ያስረኛል፤ ያን ሳላስር እግሬ ከመሬት እንዲነሳ አይፈቅድም ነበር። ከዚያ መቀመጫው ላይ ቁጭ እላለሁ። እግሮቼን በመቆሚያው ማሰሪያ ውስጥ አግብቼ መቆሚያውን ወደ ላይ እስበዋለሁ፤ የጫማዬን ጫፍ ዝቅ ሳደርግ ብረቱ ልጡን ይነክሳል። እቆምበታለሁ። አሁን ደግሞ መቀመጫውን በእጄ አንስቼ ወደ ላይ አስጠጋዋለሁ፣ ቁጭ እላለሁ። አባጨጓሬ እንዲህ ነው የሚሄደው። ሁለቱን ክፍሎች የሚያያይዝ አንድ ገመድ አለ። ሰውየው ከሁሉ በላይ ስለሱ ነበር የሚጨነቀው። አሰርሽው ወይ ይላል፤ አስሬዋለሁ እለዋለሁ፤ ሳቢውና አሳይኝ ይላል።

በየቀኑ ከምሳ በኋላ ጃኬቱን አልብሼ አወጣዋለሁ። እሱ ከታች ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል፣ እኔ እወጣለሁ። ላይ ስሆን አላወራም። የጎረቤቶቹን ጣሪያ አያለሁ፣ ከዚያ ወዲያ መንገዱን፣ መኪኖቹን። ስለ አባቴ ላስብ እሞክራለሁ፤ ስሙን በልቤ እጠራለሁ፤ ከዚያ ሰዓቴን አይቼ እወርዳለሁ። ኦክቶበር ሲጋመስ ከጣሪያው አሸንዳ እኩል ደረስኩ።

አንድ ዓርብ ቀን፣ እዚያ ከፍታ ላይ ሳለሁ፣ ከታች ሆኖ አዲስ ነገር አዘዘኝ። ቁጭ በይ፣ የወገብሽ ቀበቶ መታሰሩን ፈትሺ፣ እግርሽን ከማሰሪያው አውጪና መቆሚያውን በተረከዝሽ ግፊው አለ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ገፋሁት። ብረቱ ልጡን እየፋቀ ተንሸራተተ፣ ከዛፉ ላላ፣ ወደቀ፤ ገመዱ ሲወጠር ወንበሬ አንዴ ተነቀነቀ። እግሬ ባዶ አየር ላይ ተንጠለጠለ። መቆሚያው ከእግሬ በታች በገመዱ ተይዞ ይወዛወዛል።

አሁን አንሺው አለኝ። ገመዱን በእጄ ሳብኩ፤ መጣ። እግሬን አስገባሁ፣ ዛፉ ላይ አስነከስኩት፣ ቆምኩበት። ቀላል ነበር። ወደ ታች ሳየው ሰውየው እኔን አይመለከትም፤ ገመዱን ነው የሚያየው።

«ያን ቀን ገመዱ ኪሴ ውስጥ ነበር» አለ።

«ብረቱስ?» አልኩት።

«ብረቱ ምንም አልሆነም። መቆሚያው አሁን እንዳየሽው ተንሸራቶ መሬት ወረደ። እኔ በክንዴ መቀመጫው ላይ ተንጠለጠልኩ። ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ክንዴ ደከመ።»

የወገብ ቀበቶውም መኪናው ውስጥ እንደነበረ ነገረኝ። ፀሐይ ሳትወጣ ለመድረስ ቸኩሎ ነው። ለብዙ ዓመታት ገመዱን ሳያስር ወጥቷል፤ አንድ ቀንም አልተንሸራተተበትም ነበር። አስሬው ቢሆን ያድነኝ ነበር ወይስ አያድነኝም የሚለውን በዓይኑ ማየት ፈልጎ ነው ይህን ሁሉ ሳምንት ያስደከመኝ። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሰው ነበር።

እኔም ከላይ ሆኜ ተናገርኩ። አስቤበት አልነበረም።

«አባቴ ሞቷል» አልኩት። ጮክ ብዬ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው፤ ያውም በሰው ቋንቋ።

ቀና ብሎ አየኝ። «መቼ?»

«በጸደይ ይመስለኛል። ገና አልነገሩኝም።»

«ካልነገሩሽ እንዴት አወቅሽ?»

ስለ ፎቶው ነገርኩት። የኔ ሰዎች የሚናገሩበትን ቀን እየጠበቁ መሆናቸውን፣ ማወቄንም እንደማያውቁ ነገርኩት።

«አንቺስ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እኔም እየጠበቅሁ ነው» አልኩ።

አዝናለሁ አላለኝም። ቀስ ብለሽ ውረጂ ብቻ አለኝ። ግማሽ እንደወረድኩ ከኋላው የበረንዳው በር ላይ ሚስቱን አየኋት። ያን ቀን ቀደም ብላ ነው የመጣችው። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። አሁን ትጮኻለች፣ ሥራዬም አበቃ ብዬ ባለሁበት ቀረሁ። እሷ ግን የስምንት ሰዓቱን መድኃኒት ወስዷል ወይ ብላ ነው የጠየቀችኝ። ወስዷል አልኳት፣ ዛፉን እንዳቀፍኩ። ራሷን ነቅንቃ ገባች።

ሰኞ ጠዋት ሳጥበው የሆነውን ነገረኝ። ቅዳሜ እውነቱን ለሚስቱ ነግሯታል። አውቃለሁ አለችው። ያን ጊዜ ሆስፒታሉ ልብሱን በላስቲክ ከረጢት አድርጎ ሰጥቷት ነበር፤ ልታጥበው የጃኬቱን ኪስ ስትፈትሽ ገመዱን ተጠቅልሎ አገኘችው። ወስዳ ከወንበሩ ጋር ጋራዥ አስቀመጠችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ብረቱ ነው እያለ ሲናገር አጠገቡ ቆማ ሰምታለች።

ተቆጣች ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«አይ» አለ። «እራት አቀረበች። ከዚያ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም አልኳት። አንተ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት አለችኝ።»

ሚስቱ በበኩሏ ዛፍ ላይ ሁለተኛ እንዳላይሽ አለችኝ። ለኤጀንሲው ግን አልደወለችም።

እኔም በዚያው ሳምንት ለእትዬ ነገርኳት። ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ፎቶውን ሰመር ላይ አይቼዋለሁ አልኳት። አንዱን ጫማ እንደያዘች ሶፋው ላይ ቁጭ አለች፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። አባቴ አጎቷ ነው፤ እሷን ያሳደገው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ስድስት ወር ሙሉ እኔ እንዳልሰማ ሽንት ቤት ውስጥ ውሃ ከፍታ ስታለቅስ እንደነበር ነገረችኝ። አቀፍኳት። ውሃ አመጣሁላት። የማጽናናው እኔ፣ የምታለቅሰው እሷ ሆንን።

ስትረጋጋ እጄን ይዛ ለመነችኝ። ፈተናዬን ስለጨረስኩ መርዶው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጥሯል፤ ቄሱም ሽማግሌዎቹም ተነግሯቸዋል፤ ሴቶቹ ምግቡን ተከፋፍለዋል። አሁን ታውቃለች ብትላቸው ደብቃን ቀድማ ነግራታለች ይሏታል።

«እንዳላወቅሽ ሁኚልኝ» አለችኝ። «ስለ እኔ ብለሽ።»

እሺ አልኳት። ከባድ አልነበረም፤ ለምጄዋለሁ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ደረጃው ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። ነቅቼ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። እትዬ መጥታ በሩን አንኳኳች፤ ነይ እንግዳ መጥቷል አለች፣ ዓይኔን ሳታየኝ። ወጣሁ። ሳሎኑ ሞልቷል። ጫማቸው በር ላይ ተደርድሯል። ቄሱ ጸሎት አደረሱ። ከዚያ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ስለ ሰው ልጅ አላፊነት ተናግረው፣ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ አባትሽ ካረፉ ከረምረም ብሏል» አሉኝ።

ሴቶቹ አንድ ላይ ጮኹ። እትዬ ወለሉ ላይ ወደቀች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ሳውቀው ነው የኖርኩት፣ በሰው ቤት ስንቴ አይቼዋለሁ። ግን ጉልበቴም አልታጠፈ፣ ድምፄም አልወጣ። አንዲት ሴትዮ ይዛ አስቀመጠችኝና ነጠላ ከራሴ ላይ ጣለችብኝ። ደንግጣ ነው፣ ተዉአት፣ በኋላ ይወጣላታል አለች። ነጠላውን ፊቴ ላይ አወረድኩት። ከሥሩ ሆኜ የሌሎቹን ለቅሶ ሰማሁ። አባቴን የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሟች እየጠሩ ያለቅሱ ነበር። እኔም በዚያ መሐል ጭንቅላቴን ወዲህ ወዲያ እያልኩ ተወዛወዝኩ። እትዬ እንዳታፍር ብዬ ነው።

ሦስት ቀን ሰው አልተለየንም። ከዚያ እየቀለለ መጣ። በሳምንቱ ሥራ ተመለስኩ። ለኤጀንሲው ሐዘን ላይ ነኝ ስላቸው መቼ እንዳረፈ ጠየቁኝ፤ ሳምንት ሆነው አልኳቸው።

ሰውየው ቀድሞ ያለኝ፣ «ነገሩሽ?» ነው።

«ነገሩኝ።»

«እና?»

«ያው ነኝ» አልኩት። ሳሙናውን አረፋ አደረግሁና እግሩን ማጠብ ጀመርኩ። እግሩ ውሃው ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ ስለማያውቅ ሁልጊዜ በክንዴ ለክቼ ነበር የማጥበው። ከወደቀ ወዲህ አልቅሶ እንደሆነ ጠየቅሁት። አላስታውስም አለኝ፤ ሚስቴ ግን አላየሁህም ትለኛለች አለ።

ወንበሩን ኖቬምበር ላይ ከታችኛው መንገድ ለሚኖር ጎረቤት ሰጠው። እኔ እዚያ ቤት እስከሚቀጥለው ሰመር ሠራሁ፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ ሳገኝ ለቀቅሁ። ስለቅ ባልና ሚስቱ በር ድረስ ሸኙኝ። ካርድ ሰጡኝ። ውስጡ ሁለቱም በየእጃቸው ጽሑፍ ስማቸውን ብቻ ጽፈውበታል።

እናቴን በስልክ ያገኘኋት ግን ገና በዚያ መከር፣ ከመርዶው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ቤታችን ስልክ ስላልነበረ ጎረቤት ቤት ተጠርታ መጣች። እሁድ ጠዋት ነበር፤ እዚያ ማታ ነው። መጀመሪያ ቁና ቁና ተነፈሰች፤ ሮጣ ነው መሰል። ስለ አሟሟቱ ብዙ አልነገረችኝም። የጠየቀችኝ እንዴት እንደተነገረኝ ነው።

«ማን ነገረሽ? በወጉ ነገሩሽ?»

«በወጉ ነገሩኝ፣ እማ። ቄስም ነበር።»

«ሰው ነበር አብሮሽ? ብቻሽን አልነበርሽም?»

«ቤቱ ሞልቶ ነበር።»

«አለቀስሽ?»

«አለቀስኩ» አልኳት።

ተመስገን አለች። ድምፅዋ ላላ። ከዚያ ብርዱ ገባ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ገብቷል፣ ካፖርት ገዝቻለሁ አልኳት።